ዋስ በጎልፍ ሜዳ

የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ሰው ስለ ዳገት ሲያወራ ሰምታችሁት ከሆነ ሌላ ወሬ የለውም ወይ ብላችሁ አትፍረዱበት። ወሬማ ሞልቶታል፤ ትንፋሹ እስኪመለስለት ድረስ ትዝ አይለውም እንጂ። እኔ በዚያን ዘመን፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ታክሲው "ከዚህ በኋላ በእግርዎ" ብሎ ከሚያወርድበት ቦታ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ወንበርና ውሃ እሰጠዋለሁ። ሰላምታ የምንለዋወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ከእኔ ቤት በላይ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከባሕር ዛፉ በላይ እንጦጦ ነው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ካህናቱ ያውቁታል።

ይህን ሁሉ የማወራው ዳገት አይቶ የማያውቅ ሰው ዳገት ሲያምረው የሚደርስበትን፣ ከእሱም ጋር በእኔ ላይ የደረሰውን ልነግራችሁ ነው። ግን የአስካለ ነገር ይቀድማል። አስካለ ባትኖር ኖሮ እኔ ጎልፍ የሚበላ ይሁን የሚጠጣ ሳላውቅ ዕድሜዬን እጨርስ ነበር።

አስካለ ቀበና ወንዝ አጠገብ ካለ አንድ ክሊኒክ ቁስል የምታጥብ ድሬሰር ነበረች። የተዋወቅነው ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኝ እያነከስኩ በሄድኩ ጊዜ ነው። ሌላ ሰው "አይዞህ" ይላል። እሷ ግን እግሬን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አገላብጣ አየችና፣ "ሰው በበጋ፣ በደረቅ መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ እንዴት ይወድቃል?" አለችኝ። እዚያው ወደድኳት። ከዚያ በኋላ ጤነኛውን እግሬን ይዤ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። እሷም መጀመሪያ ሰሞን እያሸች፣ በኋላ ግን ምንም ሳታሽ ታጫውተኝ ጀመር።

ታዲያ አስካለ አባት አላት። ባላምባራስ ይርዳው ይባላሉ። ቤታቸው ከሰፈራችን ጫፍ፣ ጫካው ሥር ነው። ባላምባራስ በዚህ ዓለም ላይ የሚወዱት ልጃቸውንና ክስን ነው፤ የትኛውን አብልጠው እንደሚወዱ ግን ሰፈሩ ብዙ ተከራክሮበት አልተስማማም። ከአንድ ጎረቤታቸው ጋር በአጥር ድንበር ለብዙ ዘመን ተካሰው ነበር። ሰውየው በመጨረሻ መሮት ቤቱን ሸጦ ወደ ካራ ሲዛወር ባላምባራስ ዕቃ እስከተጫነበት ጋሪ ድረስ ሸኝተውት አለቀሱ አሉ። ከዚያ ወዲህ የሚካሰሱት ሰው አጥተው፣ ከሳ ብለው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ይቆጣጠራሉ።

እኔ ይህን እያወቅሁ ሦስት ጎረቤቶቼን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁባቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ደጅ ላይ ቆሙ፣ ካልመለሱልን አንቀመጥም አሉ። ባላምባራስ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸውና፣ "ልጁን አላውቀውም። ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው ብላችሁኛል። ነገር ቢመጣበት ዋስ የሚሆነው ማነው? ሂዱና ሰው ይዛችሁ ኑ" ብለው ሸኟቸው። እስከዚያን ቀን ድረስ እኛም ሰው ነን ብለው ያምኑ የነበሩት ሦስቱ ጎረቤቶቼ ቁልቁለቱን አንድም ቃል ሳይናገሩ ወረዱ። አንደኛው እስከ ዛሬ ድረስ ሰላም የሚለኝ በግንባሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ "ሰው" ከየት ላምጣ? በአዲስ አበባ ከተማ የማውቀው ትልቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር። ማወቅ ስል ደግሞ እሳቸው በኮሪደሩ ሲያልፉ እኔ ከግድግዳው ጋር ተለጥፌ እጅ እነሳለሁ ማለቴ ነው።

ዳይሬክተራችን ውጭ አገር ለብዙ ዓመት ተምረው የመጡ፣ ደግ፣ ቀጭን፣ ሹራብ የሚወዱ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ፋይል ይዤ ስገባ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ወደ ሰሜን፣ ወደ እንጦጦ ያያሉ።

"የተማርኩበት አገር ሜዳ ነው" አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ። "ዓይንህ እስኪደክም ብታይ ሜዳ ነው። ጎልፍ የምንጫወተው እዚያ ላይ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ጉብታ ያለው መጫወቻ ነበረ። ጉብታው ከዚህ ጠረጴዛ እምብዛም አይበልጥም። ግን ሰው በባቡር ተሳፍሮ ከሩቅ ይመጣለት ነበር። ጉብታ ያጡት ደግሞ አፈር በካሚዮን አስጭነው ያሠራሉ።"

እኔ ይህን ስሰማ እንዴት እንደ ተናደድኩ አልነግራችሁም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የሚገድለኝን ነገር ሰዎች በካሚዮን ያስመጣሉ!

"አንተ የት ነው የምትኖረው?" አሉኝ።

"ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጌታዬ።"

"እዚያ አካባቢ ዳገት ያለው ግልጥ ሜዳ ይገኛል?"

"ሜዳውን እንጃ። ዳገት ግን የሚፈልጉትን ያህል አለን።"

"ጎልፍስ ትችላለህ?"

ሊያሳዩኝ ጃንጥላቸውን አንስተው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወለሉ ላይ የሌለች ኳስ መቱ። ትንሽ ኳስ፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ። ይህማ የገና ጨዋታ ነው! እኔ ደግሞ ቡልጋ ሳድግ በዚህ ጨዋታ የታወቅሁ ነበርኩ፤ ቅልጥሜ ይመስክር። "በደንብ እችላለሁ፣ ጌታዬ" አልኩ።

"እንግዲያው አብረን እንጫወታለን" አሉ ደስ ብሏቸው። "የጎልፍ ጥቅሙ ምን መሰለህ? የቢሮ ጉዳይ ቢሮ ያልቃል። የሰው ጉዳይ የሚያልቀው ግን ጎልፍ ላይ ነው። ቀስ እያልክ ትንሸራሸራለህ፣ ትመታለህ፣ በልብህ ያለውን ሁሉ ታወራለህ። ማንም አይቸኩልም።"

ልቤ ዘለለች። ቢሮ ገብቶ "ሽማግሌ ይሁኑኝ" ማለት ነውር ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ላይ ጸሐፊያቸው በሩን አትዘጋም። ጎልፍ ላይ ግን ራሳቸው ፈቀዱ። እዚያው ቆሜ አሰብኩና ቦታውን መረጥኩት፤ ከባላምባራስ ይርዳው ቤት በላይ ያለውን ገደል መሳይ ግጦሽ። በየቅዳሜው ከዳይሬክተሩ መኪና ስወርድ ባላምባራስ ከደጃፋቸው ያዩኛል፣ እያዩም ይለምዱኛል፣ በመጨረሻም አንድ ቀን ዳይሬክተሩ በደጃፉ ሲያልፉ ጎራ ይላሉ። እንዲህ አድርጎ ያሰበ ሰው ራሱን ብልጥ አድርጎ ቢቆጥር አይፈረድበትም።

ግጦሹ የአንዲት ባለርስት ወይዘሮ ነበር። ላሞቹ ካልተከለከሉ ምን ቸገረኝ ብለው ፈቀዱ። ዳይሬክተሩ የሳልሳ ጣሳ መሬት ውስጥ ቀብረው ጉድጓድ አደረጉ፣ በየጉድጓዱ ላይ ቀይ ጨርቅ በዘንግ አቆሙ። አንዱን ጨርቅ በማግስቱ ላም በላው። ከታች ቦሌ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ያ ሁሉ ሜዳ ተዘርግቶ እያየነው እኛ ሁለታችን ተራራ ላይ ተንጠልጥለን ጎልፍ ጀመርን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል። ዳይሬክተሩ ኳሳቸውን አስተካክለው፣ እግራቸውን ከፍተው፣ መቱ። እኔም በገና ጊዜ ጨዋታ እንደ ለመድኩት እየጮህኩ ሮጬ ኳሷን ደረስኩባትና መልሼ ወደ እሳቸው ለጋኋት። እሳቸው ቆመው ያዩኛል። "በርቱ እንጂ ጌታዬ፣ ይከላከሉ!" አልኳቸው። ደግነታቸው አያልቅም፤ እኔ ያለሁበት ድረስ ወጥተው፣ በጎልፍ ሰው የሌላውን ኳስ እንደማይመታ፣ እንደማይጮህ፣ የአለቃውንም ቅልጥም እንደማይፈልግ በትዕግሥት አስረዱኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምቻ አልሰጡኝም። የመምቻዎቹን ከረጢት ሰጡኝ።

ይሁን፤ እኔ የመጣሁት ለወሬ ነው አልኩ። ወሬው ላይ ነው ዳገቱ የተነሳብኝ። ዳይሬክተሩ ያወሩኝ ጎልፍ የሜዳ ጎልፍ ነው። እዚያ ሰው ሲንሸራሸር አፉ ሥራ ይፈታል። እኛ ዘንድ ሽቅብ ስንወጣ ዳይሬክተሩ ትንፋሽ የላቸውም፤ "ጌታዬ፣ አንድ ጉዳይ ነበረኝ" ስላቸው እጃቸውን ብቻ እያወዛወዙ ቆይ ይሉኛል። ላይ ደርሰው ትንፋሻቸው መለስ ሲል ኳሷን ይመታሉ። ኳሷ ሄዳ ባንዲራው አጠገብ ታርፋለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ ከዚያ ቁልቁል ትንከባለላለች። እኛም ከኋላዋ ሩጫ ነው። ቁልቁለት ላይ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ስለ ጋብቻ አያወራም። ታች ደርሰን ኳሷን ስናገኝ እንደገና ሽቅብ። እንዲህ እያልን ቅዳሜዎቹ አለቁ።

ባላምባራስስ ለመዱኝ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን አስካለን ክሊኒኩ በር ላይ አገኘኋትና፣ "አባትሽ እኔን አይተው ምን አሉ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"አይተውሃል።"

"እና?"

"ያ ልጅ ለዚያ ሰውዬ ማገዶ ነው የሚሸከመው? አሉ። የብረት ማገዶ ምን ያደርግለታል ብለውም ተገረሙ።"

ሳቀች፤ እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። እሷ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ስማኝ፣ አትቀልድ። እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። የነጋዴ ልጅ ነው፣ የሚልኩትም ፊታውራሪ ነው አሉ። አባባ ፊታውራሪን ደጅ ላይ አቁመው እንቢ አይሉም። የምታመጣው ሰው ካለህ እስከ ቅዳሜ አምጣው።" ዓይኗ ላይ እንባ ነበረ፤ እኔ በዚያች ሰዓት ያንን ሁሉ ዳገት ተሸክሜ ብወረውረው ደስ ባለኝ።

ያ ቅዳሜ ደረሰ። መኪናው ውስጥ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ ዳይሬክተሩ ራሳቸው ስለሚነዱና መንገዱ ስለሚያስፈራቸው በመኪና ውስጥ ማንም እንዲናገር አይፈልጉም። ስንወርድ "ጌታዬ፣ ዛሬ ሳንጀምር አንድ ነገር ልለምንዎት" አልኩ። "ምን ገዶኝ፣ ላይ ስንደርስ!" ብለው ዳገቱን ያዙ። ላይ ደረስን። ተቀመጡ፣ ተነፈሱ፣ ላባቸውን ጠረጉ። አፌን ስከፍት፣ "ይህችን አንድ ልምታና በደንብ አዳምጥሃለሁ" አሉኝ።

መቱ። ኳሷ እንደ ልማዷ ባንዲራውን አልፋ ቁልቁል ጀመረች። በዚያን ቀን ግን ልማዷን አልፋ ሄደች። ግጦሹን ጨረሰች፣ ጫካው ውስጥ ገባች፣ ከዛፍ ዛፍ እየተላተመች ወርዳ አንድ ድንጋይ ላይ ነጠረችና የባላምባራስ ይርዳውን አጥር ዘልላ ገባች። ከውስጥ የዶሮ ጩኸት ተሰማ።

"በቃ ጌታዬ፣ ጠፋች" አልኩ። "ሌላ ኳስ ላውጣ?"

"የምን ጠፋች! ሕጉ ኳሷ ካረፈችበት ትመታለች ነው የሚለው።"

"የሰው ግቢ ነው እኮ!"

"እኛ ለመጫወቻችን ወሰን አልከለልንም። ወሰን ከሌለ ውጭ የሚባል ነገር የለም" ብለው ቁልቁል ሮጡ።  ከረጢቱን ታቅፌ ተከተልኳቸው፣ በሩ ጋ ስንደርስ ግን እግሬ እንቢ አለ። አንድ ባሕር ዛፍ ተጠግቼ ቆምኩ። ባሕር ዛፍ ሰውን ያህል ነገር፣ ያውም ከረጢት የታቀፈ ሰው፣ እንደማይደብቅ በኋላ ነው ያስተዋልኩት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ዳይሬክተሩ "ቤቶች!" ብለው ትንሽ ጠበቁና ገቡ። ከጎተራው ሥር ገለባ የተነጠፈበት ቅርጫት አለ፤ በቅርጫቱ ውስጥ ዶሮዋ ጥላው የሸሸችው እንቁላል አለ፤ ከእንቁላሉ መሃል ደግሞ ኳሷ ጉብ ብላለች። ሌላ ሰው ቢሆን ጎንበስ ብሎ በእጁ ያነሳት ነበር። ዳይሬክተራችን ግን ሕግ አክባሪ ናቸው። እንቁላሎቹ እንዳይነኩ ተጠንቅቀው ዙሪያውን አጠኑ፣ እግራቸውን አስተካከሉ፣ መምቻውን ቀስ ብለው ከትከሻቸው በላይ አነሱ።

"በሕግ አምላክ!"

ባላምባራስ ይርዳው ከጓሮ በኩል ብቅ ብለው ነበር።

ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ሳያስፈልገኝ አይቀርም። በዚያን ዘመን ሰው "በሕግ አምላክ" ከተባለ እግሩ ባለበት፣ እጁም ባለበት ይቀራል። ሌባ ሲሮጥ ይቆማል፣ ሰካራም የሰነዘረው ቡጢ አየር ላይ ይቀራል። ዳይሬክተራችን የቱንም ያህል ውጭ አገር ቢማሩ አካላቸው የዚህ አገር ነው። መምቻቸውን እንዳነሱ፣ ወገባቸውን እንዳዞሩ፣ አንድ ተረከዛቸውን ከመሬት እንዳላቀቁ ቀጥ አሉ።

"ንቅንቅ እንዳትል!" አሉ ባላምባራስ። ፊታቸው ላይ ደም ሲመለስ ከዛፌ ሥር አየሁት። ስንት ጊዜ የደረቀ ሰው እዚያው ቆሞ ሲለመልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባላምባራስ ይርዳው ከሳሽ ሆኑ። ወደ መንገዱ ወጥተው "ዳኛ! የመንገድ ዳኛ!" እያሉ ተጣሩ። ያን ጊዜ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ማድረግ የቆየ ወግ ነበር። እንደ እድል ሆኖ የእንጦጦው ካህን አባ ገብረ ሚካኤል ወደ ቀበና ለልቅሶ ሲወርዱ ደረሱ። ተለመኑ፣ ልቅሶው ይቆየኝ አሉና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ባላምባራስ ነጠላቸውን እንደ ተሟጋች አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን አንስተው ጀመሩ። "ጌታዬ ዳኛ! ይህ ሰው አጥሬን አልፎ ገብቶ፣ ዶሮዬን ከእቅፏ አስነስቶ፣ በእንቁላሌ ላይ ብረት ሲያነሳ እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ! እጁ ይታይልኝ!"

የዳይሬክተሩ እጅ እንደ ተነሳ ነበርና ታየ።

"ኳሴን ልመታ ነው፣ አባቴ" አሉ ዳይሬክተሩ፣ አንገታቸውን ሳያዞሩ። "በጨዋታው ሕግ ካረፈችበት ነው የሚመታው።"

"ከዶሮዬ ሥር የተገኘ ነገር የዶሮዬ አይደለም የሚል ምስክር ይጥራ!" አሉ ባላምባራስ።

አባ ተነስተው ኳሷን በጣታቸው ነካ አደረጓት። "ይህችን ዶሮዋ ጥላት ከሆነ እግዚአብሔር ይማራት" አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ጢማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። "ብያኔዬ ይህ ነው። ዶሮዋ ወደ እቅፏ ከተመለሰች ጉዳት የለም፤ ካልተመለሰች ጉዳት አለ። እስኪታወቅ ድረስ ቅርጫቱን ማንም አይንካ። ለሰኞ ጠዋት ተቀጥራችኋል። አንተም ልጄ፣ እጅህን አውርድ።"

ዳይሬክተሩ መምቻውን አወረዱና ሊሄዱ ዞር ሲሉ ባላምባራስ መንገዱን ዘጉ። "ዋስ ይጥራ!"

"የምን ዋስ? ቢሮዬ ይታወቃል። ዳይሬክተር ነኝ።"

"ቢሮው የመንግሥት ነው። አንተን የት አገኝሃለሁ? ዋስ ጥራ፤ ከሌለህ ተቆራኝተን እናድራለን።" ይህን እያሉ የነጠላቸውን ጫፍ ከዳይሬክተሩ ሹራብ ጋር ሊቋጥሩ ጎንበስ አሉ። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ታስረው ውለው የሚያድሩበት ነገር በእኛ ዕድሜ ቀርቶ ነበር፤ ባላምባራስ ግን አልረሱትም። ዳይሬክተሩ አባን አዩ፤ አባ "ወጉ ነው" አሉ። ዳይሬክተሩ እሑድን ከባላምባራስ ጋር ተቋጥረው ሲውሉ ታያቸው መሰለኝ፣ ዙሪያቸውን በጭንቀት መቃኘት ጀመሩ። ዓይናቸው ባሕር ዛፌ ላይ አረፈ።

"አንተ! ና ውጣ እንጂ! ዋስ ሁነኝ!"

ወጣሁ። ከረጢቱ በየእርምጃዬ ይንኳኳል። አስካለ የቤቱ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ባላምባራስ ለዋስነት አትበቃም ካሉኝ ዳይሬክተሩ ይቋጠራሉ፣ እኔም ሽማግሌዬን አጣሁ። ለዳይሬክተሩ አግዤ ከቆምኩ ደግሞ የአስካለን አባት ባላጋራ አደረግኋቸው። እሑድም ፊታውራሪው ይመጣሉ።

"ይሄ? ማገዶ ተሸካሚው?" አሉ ባላምባራስ።

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?"

ነገርኳቸው። እነዚህን መልሶች ለጎረቤቶቼ ሳስጠና ስለ ከረምኩ አንድም አልተደናቀፍኩም፤ አባቴን፣ የአባቴን አባት፣ ቡልጋን፣ የትውልድ ደብሬን ዘረዘርኩ። ባላምባራስ ቀጠሉ። ቤትህ የት ነው? ከማን ጋር ትኖራለህ? ትጠጣለህ? ማታ ውጭ ታመሻለህ? ከሰው ጋር ትጣላለህ?

"ይህ ከእንቁላሉ ጋር ምን አገናኘው?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"ዋስ ነው! ዋስ መመርመር መብቴ ነው" አሉ ባላምባራስ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግተው ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። "ሰኞ ጠዋት ብትጠፋስ?"

"የት እጠፋለሁ ባላምባራስ?" አልኩ። ያልኩት ከልቤ ነበር። "ከዚህ ደጅ ርቄ መሄድ ብችል ኖሮ እስካሁን ሄጄ ነበር።"

 አባ ገብረ ሚካኤል ልቅሶው ሊያመልጣቸው ነውና ተነሱ። "ወይ ዋሱን ተቀበል፣ ወይ ሰውየውን ልቀቅ" አሉ።

ባላምባራስ ይርዳው ወደ ዳይሬክተሩ አዩ። ከስንት ዘመን በኋላ ያገኙት ክስ ነው፤ ያውም ዳይሬክተር! ከለቀቁት በዚያ በር ወጥቶ ቁልቁለቱን መውረዱ ነው። "ተቀብያለሁ" አሉ።

ይህን ጊዜ አስካለ ከበሩ ወረደች። "አባባ፣ እነዚያ ሽማግሌዎች እኮ የመጡት ከእሱ ተልከው ነበር" አለች። "ነገር ቢመጣበት ዋስ የሚሆነው የለም ብለው መለሷቸው። ይኸው ለትልቅ ሰው ዋስ እሱ ሆነ፣ እርስዎም በአፍዎ ተቀበሉት።"

ባላምባራስ ዘንጋቸው ላይ ተደግፈው ቀሩ። የተናገሩት ግን ዳይሬክተሩ ናቸው።

"የምን ሽማግሌ? ስለ ምንድነው የምታወሩት?"

ነገርኳቸው። በዚያ ተራራ ላይ ዳይሬክተሩ ያለ ሥራ ቆመው፣ ትንፋሻቸው ተመልሶ፣ ሮጠው የሚይዙት ኳስ ሳይኖር ያገኘኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ትንፋሽ አልነበረዎትም፣ ጌታዬ።"

ዳይሬክተሩ ወደ ዳገቱ ቀና ብለው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ሹራባቸውን አስተካከሉ፣ መምቻውን እንደ ሽማግሌ ዘንግ መሬት ላይ ተከሉና ባላምባራስ ፊት ቆሙ። "ባላምባራስ፣ ለዚህ ልጅ ልጅዎን ይስጡልኝ። ካልመለሱልኝ አልቀመጥም።"

"እኔም ቆሜያለሁ" አሉ አባ፣ ልቅሶውን እርግፍ አድርገው ትተው።

"ተከሳሽ ሽማግሌ ሆኖ ሲመጣ አይቼ አላውቅም" አሉ ባላምባራስ። ድምፃቸው ሰለለ። "ክሴን ተው ልትሉኝ ነው እንግዲህ?"

"ማን አለዎት? ክሱ ይቀጥላል። ሰኞ እመጣለሁ።"

ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ዙሪያዬን አንድ ጊዜ ዞሩ፤ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ዋስ ክፉ ነገር ነው" አሉ ለአባ፣ እኔ እንደሌለሁ ሁሉ። "ዛሬ አለሁ ይልሃል፣ ነገ አገር ይለውጣል። በዋስ ስንት ክስ ተበላሽቶብኛል! አማቼ ከሆነ ግን የት ይደርሳል? በፈለግሁት ሰዓት ከእራት ላይ አስነስቼ አቀርበዋለሁ።" ትንሽ አሰቡና፣ "ሰጥቻለሁ" አሉ።

አስካለ ወደ ቤት ሮጣ ገባች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም፤ ከረጢቱ ከእጄ አምልጦ መምቻዎቹ ግቢው ውስጥ ተበትነው ዳይሬክተሩ ሲለቅሙ ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ ፊታውራሪው በመኪና መጡ አሉ። ባላምባራስ በር ላይ ተቀብለው፣ ልጃቸው በክስ ጉዳይ ስለተያዘች ለጊዜው ማንንም ማነጋገር እንደማይችሉ ገልጸው በክብር ሸኟቸው። ዶሮዋ ደግሞ ቅዳሜውኑ አመሻሽ ላይ ተመልሳ እንቁላሎቿን ኳሷን ጨምራ አቅፋ ነበር። ሰኞ ስንቀርብ ዳይሬክተሩ ኳሴን ልውሰድ ቢሉ፣ ባላምባራስ ዶሮዋን ሁለተኛ ማስነሳት ሁለተኛ ወንጀል ነው ብለው ተከራከሩ። ክሱ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ተቀጠረ። ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ አንደኛዋ "እንቁላል" ለምን እንደ ዘገየች ሌላ ክርክር ተነሳ።

ዳይሬክተሩ ጎልፋቸውን ወደ ሜዳ አዛወሩ። ዳገቱን የሚወጡት ለቀጠሮ ብቻ ሆነ፤ ባላምባራስም በቀጠሮ ቀን ጠላ ያስጠምቁላቸው ጀመር። ሁለቱ ሲሟገቱ ውለው፣ አብረው ጠጥተው፣ ተቃቅፈው ይለያያሉ። እኔ ዋሱ በመካከላቸው ቁጭ እላለሁ፤ ከኋላ አስካለ ትስቅብኛለች።

የሰርጋችን ዕለት አስካለን ይዤ ልወጣ ስል ባላምባራስ እንድንመረቅ አስጎነበሱን። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ውለዱ፣ ክበዱ" አሉ። "አሜን" አልን። "ትዳራችሁ የአብርሃምና የሣራ ይሁን።" "አሜን።" ድንኳኑ ሙሉ ሰው አብሮን አሜን ይላል። ባላምባራስ እንባቸውን ጠረጉ፣ ጉሮሯቸውንም ጠረጉ። "የፊታችን ሰኞም በቀጠሮው አንዳችሁም እንዳትቀሩ" አሉ።

ከሁሉም ጮክ ብለው አሜን ያሉት ዳይሬክተሩ ነበሩ።